ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎች ኩላሊትና መድኃኒት፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጃቸው ያለቀኑ ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል የገባባቸው ወላጆች መጀመሪያ የሚያስጨንቃቸው ትንፋሹ ነው። ትንፋሹ ትንሽ ሲረጋጋ ደግሞ ከራውንድ (ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ ዞረው ካዩ) በኋላ «ሽንቱ ቀንሷል»፣ «ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያስወጣው ቆሻሻ) ከፍ ብሏል» የሚል ነገር ይሰማሉ። ያኔ «ታዲያ ለኩላሊቱ መድኃኒት አይሰጠውም ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። እዚህ የተሰበሰቡት በዚሁ ዙሪያ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። የመድኃኒት መጠን የጠቀስኩት ነገሩ እንዲገባችሁ ብቻ ነው፤ ለልጃችሁ የሚሆነውን የሚወስነው አልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪም ነው።

ለኩላሊቱ የሚሰጥ መድኃኒት አለ?

ቁርጡን ለመናገር፣ ያልበሰለን ኩላሊት የሚያበስል ወይም የሚያጠነክር መድኃኒት እስካሁን የለም። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ብዙ ተሞክሯል። ሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ ተሞከረ፣ የደም ግፊት የሚያነሳው ዶፓሚን ተሞከረ፣ ለትንፋሽ የሚሰጠው አሚኖፊሊንም ተሞከረ። ለትንፋሽ ተብሎ የሚሰጠው ካፌይን ኩላሊትንም ሳይጠብቅ እንደማይቀር የሚያሳይ መረጃ አለ፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ከዚያ ውጪ ለኩላሊቱ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ወላጅ ዓይን ውስጥ አይገባም። ኩላሊት የሚጎዱ መድኃኒቶችን መቀነስ፣ መጠናቸውንና ሰዓታቸውን ማስተካከል፣ ፈሳሹን በሚሊ ሊትር መቁጠር፣ የደም ግፊቱና ኦክስጅኑ እንዳይወርድ መከታተል ነው። ስለዚህ «መድኃኒት አልታዘዘለትም» ማለት «ችላ ተብሏል» ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ለኩላሊቱ ከሁሉ የሚበጀው አንድ መድኃኒት መሰረዙ ነው።

ኩላሊቱ ከሌላው ሕፃን በምን ይለያል?

ልጅ በማህፀን ሳለ ደሙን የሚያጠራለት የእንግዴ ልጁ ነው። የራሱ ኩላሊት ሽንት ይሠራል እንጂ ቆሻሻ የማስወገዱ ኃላፊነት ገና አልወደቀበትም። ኔፍሮን የሚባሉት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ከግማሽ በላይ የሚሠሩት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ሥራው የሚያበቃው በ36ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በ28 ሳምንት የተወለደ ልጅ እንግዲህ ማጣሪያዎቹ ተሠርተው ሳያልቁ ነው የወጣው። ከተወለደ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት መሠራታቸው ይቀጥላል፤ ሆኖም ቁጥራቸው ሊያንስ፣ አንዳንዶቹም የተዛባ ቅርጽ ሊይዙ ይችላሉ። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አዲስ ኔፍሮን አይሠራም።

በዚህ ላይ ኩላሊቱ በሁለቱም በኩል ስስ ነው። ፈሳሽ ሲበዛበት ቶሎ አያስወጣም፣ ሲጎድልበትም ቆጥቦ አይይዝም፤ ጨውም (ሶዲየም) በሽንት ያመልጠዋል። ለዚህ ነው በደም ሥሩ የሚንጠባጠብለት ፈሳሽ በየቀኑ እንደገና የሚሰላው፤ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ።

ክሬቲኒኑ ከፍ ብሏል ተባልን። ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው?

በመጀመሪያው ቀን የተለካ ከሆነ ቁጥሩ በአመዛኙ የእናትየዋ ነው። ክሬቲኒን በእንግዴ ልጁ በኩል ስለሚተላለፍ ልጁ ሲወለድ ደሙ ውስጥ የሚገኘው የእናቱ መጠን ነው። ያለጊዜው በተወለደ ልጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ከፍ ይልና ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ከአንድ ቁጥር ይልቅ አካሄዱን ነው ማየት ያለብን። በዴሲ ሊትር 1.1 ሚሊግራም በሦስተኛው ቀን ላያስደነግጥ ይችላል፤ ወደ 0.5 ወርዶ የነበረ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ 1.1 ሲሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም መጨመር፣ ወይም ከዚያ በፊት ከታየው ዝቅተኛ ቁጥር አንድ ተኩል እጥፍ መሆን፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ተብሎ ይመዘገባል።

ይህ ደግሞ ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በሕንድ በሚገኙ 24 ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2017 የታተመው አዌክን የተባለው ጥናት፣ ከ29 ሳምንት በፊት ተወልደው ከተጠኑት ጨቅላዎች ግማሽ ያህሉ (48 በመቶ) ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት እንደገጠማቸው አሳይቷል።

ከተወለደ ጀምሮ ሽንት አልሸናም። ስንት ሰዓት ልጠብቅ?

ያለጊዜው የተወለደውን ጨምሮ አብዛኛው ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ይሸናል። ያ ካለፈ ሳይውል ሳያድር ለሲስተሯ ወይም ለዶክተሩ ይነገር። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚፈለገው በአንድ ኪሎ ክብደት በሰዓት ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር ነው።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሚዛን ብቻ ነው። ደረቁ ዳይፐር ሲመዘን 20 ግራም ነበር እንበል። ከ6 ሰዓት በኋላ ሲፈታ 32 ግራም ሆነ። ልዩነቱ 12 ግራም ነው፤ አንድ ግራም ሽንት እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ስለሚያዝ ልጁ 12 ሚሊ ሊትር ሸንቷል። ክብደቱ 1,200 ግራም ከሆነ፣ 12 ለ1.2 ሲካፈል 10፣ ያ ደግሞ ለ6 ሰዓት ሲካፈል 1.7 ገደማ ይመጣል። ጥሩ ነው ማለት ነው። በጨርቅ ብታስሩትም ስሌቱ ያው ነው፤ ዋናው ደረቁ ቀድሞ መመዘኑ ነው።

በእኛ አገር ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ዳይፐር የምትቀይረው እናትየዋ ናት። ስለዚህ ይህ ልኬት የሚሳካው በእሷ ነው። የረጠበውን ሳትጥይ፣ የፈታሽበትን ሰዓት ይዘሽ ለሲስተሯ ስጫት። «ሸንቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ለዶክተሩ ብዙም አይነግረውም፤ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት 12 ግራም» ግን የመድኃኒት ትእዛዝ ያስለውጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሽንቱ ጥሩ ሆኖም ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ጄንታማይሲን የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ ዳይፐሩ የደም ምርመራውን አይተካም።

ላሲክስ ቢሰጠው ሽንቱ አይመጣም?

ሊመጣ ይችላል። ሽንት መምጣቱና ኩላሊት መዳኑ ግን ለየቅል ናቸው። ላሲክስ (ፉሮሰማይድ) ኩላሊቱ ጨውና ውሃ መልሶ እንዳይመጥ ያደርጋል እንጂ የተጎዳውን ማጣሪያ አይጠግንም። ሽንቱ የቀነሰው ፈሳሽ ስላነሰው ከሆነ ደግሞ ላሲክስ ያለችውን ጥቂት ፈሳሽ አውጥቶ ጭራሽ ያብስበታል። የዓለም የኩላሊት ሐኪሞች በ2012 ባወጡት ኬዲጎ በሚባለው መመሪያ ላሲክስን የመሰሉ መድኃኒቶች ኩላሊትን ከጉዳት ለመከላከል እንዳይሰጡ፣ ጉዳት ለማከምም ከተጠራቀመ ፈሳሽ ውጪ እንዳይውሉ መክረዋል።

ያለጊዜው በተወለደ ልጅ ላይ ተጨማሪ ጣጣ አለው። መድኃኒቱ ከሰውነቱ ቶሎ ስለማይወጣ ሊጠራቀም ይችላል። ካልሲየም በሽንት እንዲወጣ ስለሚያደርግ ለሳምንታት ሲሰጥ ኩላሊት ውስጥ የካልሲየም ክምችት ያመጣል። የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል፤ ከጄንታማይሲን ጋር ሲሆን ደግሞ ይብስ። በተጨማሪም ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር በመጨመር ከተወለደ በኋላ መዘጋት ያለበት የልብ አጠገብ የደም ቧንቧ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ሊያደርግ እንደሚችል ከ1983 ጀምሮ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ሲባል ላሲክስ ክፉ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ሳንባው ውኃ የቋጠረ፣ ገላው ያበጠ ልጅ ትንፋሹን የሚያቀልለት እሱ ሊሆን ይችላል። ዶክተሩን «ለምን ላሲክስ አትሰጠውም?» ከማለት «ፈሳሽ በዝቶበት ነው ወይስ አንሶት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ዶፓሚንስ? ለኩላሊት ይጠቅማል ሲባል ሰምተናል።

በአንድ ወቅት በየሆስፒታሉ «የኩላሊት መጠን» እየተባለ በትንሽ በትንሹ ይሰጥ ነበር። ሐሳቡ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይጨምራል የሚል ነው። በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመና 328 አዋቂ ፅኑ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ግን ጥቅም አላገኘበትም። በጨቅላዎች ላይ፣ የልብ አጠገብ ቧንቧውን ለመዝጋት ኢንዶሜታሲን ለሚወስዱት ዶፓሚን ኩላሊታቸውን ይጠብቅላቸው እንደሆነ የገመገመው የኮክሬን (የቀደሙ ሙከራዎችን ሰብስቦ የሚመዝን ተቋም) ጥናት ያገኘው በድምሩ 75 ሕፃናትን ብቻ ነው። ሽንት በመጠኑ ጨምሯል፤ ኩላሊቱን ስለመጠበቁ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ዛሬ ዶፓሚን የሚሰጠው የደም ግፊቱ ለወረደ ልጅ ነው። ለልጃችሁ ከታዘዘ ለግፊቱ ነው ማለት ነው።

ካፌይን ለጨቅላ? ቡና ውስጥ ያለው?

አዎ፣ ያው ካፌይን ነው። ካፌይን ሲትሬት በሚባል መልክ ተዘጋጅቶ፣ በሚሊግራም ተለክቶ በደም ሥር ወይም በአፍ ይሰጣል። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ያለጊዜው የወለዱ ዘመዶች ካሏችሁ ስሙን ከእነሱም ሰምታችሁ ይሆናል፤ እዚያ ማሞቂያ ክፍል ከሚታዘዙት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ዋና ሥራው ትንፋሽ መቀስቀስ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አንጎል ተንፍስ ብሎ ማዘዝ አንዳንዴ ይዘነጋል፤ ካፌይን ያነቃዋል። በ2006 ውጤቱ የታተመው ትልቅ ሙከራ ከ500 እስከ 1,250 ግራም የሚመዝኑ 2,006 ጨቅላዎችን ያካተተ ሲሆን፣ መነሻው በኪሎ 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየቀኑ በኪሎ 5 ሚሊግራም ነበር። ካፌይን የወሰዱት ሕፃናት በመተንፈሻ ማሽን ላይ የሚቆዩበት ጊዜ አጠረ፤ የሳንባ ጉዳታቸውም ቀነሰ።

የኩላሊቱ ነገር የመጣው ቆይቶ ነው። የአዌክን ተመራማሪዎች መረጃቸውን መልሰው ሲያዩ ከ675 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎች መካከል በመጀመሪያው ሳምንት ካፌይን ከወሰዱት 11.2 በመቶ ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 31.6 በመቶ ያህሉ የኩላሊት ጉዳት ገጥሟቸዋል። በ2018 የታተመ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ምክንያቱም ይታሰባል፦ ኦክስጅን ሲያንስ ሰውነት አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታል፤ አዴኖሲን ወደ ኩላሊቱ ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቀጭን ቧንቧ ያጠብበዋል። ካፌይን ይህን የአዴኖሲን ሥራ ያግዳል።

ሆኖም ጥንቃቄ ይገባል። ጥናቱ የተሰጣቸውንና ያልተሰጣቸውን ያነጻጸረ እንጂ በዕጣ የከፋፈለ አይደለም፤ ካፌይን ያልወሰዱት ከመጀመሪያውም በሌላ ነገር የሚለዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬ ካፌይን ለኩላሊት ብቻ ተብሎ አይታዘዝም። ለትንፋሹ የሚያስፈልገው ልጅ ካለ ግን ኩላሊቱም ሳይጠቀም አይቀርም። ለእኔ ከሁሉም መድኃኒቶች በእውነት ተስፋ የሚጣልበት ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 መመሪያው ለጨቅላ ትንፋሽ መቋረጥ አጥብቆ የመከረው ነውና በየሆስፒታላችን እንዲገኝ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ታዲያ ቡና በማንኪያ ባቀምሰውስ?

በፍጹም። በስኒ ቡና ውስጥ ስንት ካፌይን እንዳለ የሚያውቅ የለም። የጨቅላ ጉበት ካፌይንን ለማስወገድ ቀናት ስለሚፈጅበት ትንሽ ትንሹ ተደምሮ ልቡን ያስመታዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። ሳይበስል የተወለደ አንጀትም ከጡት ወተት ሌላ አይችልም።

የምታጠባ እናት ቡና መጠጣቷ ሌላ ነገር ነው። ወደ ወተት የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ አንድ ስኒ አይከለከልም። ከአቦል እስከ በረካ፣ ጠዋትም ማታም መጠጣት ግን ልጁ ማሞቂያ ክፍል እስካለ ድረስ ቢቀር ይሻላል፤ በተለይ ልጁ ራሱ ካፌይን ወይም አሚኖፊሊን እየወሰደ ከሆነ።

እኛ ሆስፒታል ካፌይን የለም፤ አሚኖፊሊን ነው የሚሰጡት። ይሠራል?

ለትንፋሹ ይሠራል። የካፌይን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንዲያውም የጨቅላ ሰውነት ከፊሉን ወደ ካፌይን ይለውጠዋል። ልዩነቱ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ180 ሲያልፍ፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲቁነጠነጥ ቀጣዩ ከመሰጠቱ በፊት ሐኪም ማየት አለበት።

ለኩላሊትስ? ከአርጀንቲና፣ ከግብፅና ከሕንድ የወጡ ሙከራዎች ሲወለዱ ታፍነው ለነበሩ ጨቅላዎች በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ጊዜ የተሰጠ ቴዎፊሊን (አሚኖፊሊን ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚሰጠው ንጥረ ነገር) የኩላሊት ጉዳትን እንደቀነሰ አሳይተዋል። ኬዲጎም በዚህ ላይ ተመሥርቶ ለእንዲህ ያሉት አንድ መጠን ሊታሰብ ይችላል ብሏል። ነገር ግን እነዚያ ጨቅላዎች በአብዛኛው ጊዜያቸውን ጨርሰው የተወለዱ ናቸው። ውጤቱን በ29 ሳምንት ለተወለደ ልጅ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

ጄንታማይሲን ኩላሊት ይጎዳል ይባላል። ታዲያ ለምን ይሰጡታል?

የሚሰጡት የደም ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ስለሚገድል ነው። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በኢትዮጵያም ሆነ በብዙ አገር ለጨቅላ ኢንፌክሽን ቀድመው የሚጀመሩ ናቸው። ኢንፌክሽኑ ራሱ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ስለዚህ በፍርሃት ማስቆም ወይም አንዱን መርፌ ማስቀረት ኩላሊቱን አያድንም።

ጥያቄው መጠኑ፣ ሰዓቱና የሚቆይበት ቀን ላይ ነው። ጄንታማይሲን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ኩላሊቱ ያልበሰለ ልጅ ደሙ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አንዳንዱ መመሪያ መጠኑን ዝቅ አድርጎ በየ24 ሰዓቱ ያዝዛል፤ ሌላው መጠኑን ሳይቀንስ ለትንንሾቹ በየ36 ወይም በየ48 ሰዓቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ጎረቤት አልጋ ያለው ልጅ ዛሬ መርፌ ተወግቶ የእናንተ ካልተወጋ፣ ተረስቶ ላይሆን ይችላል። ጠይቁ፤ ግን ተዘለለ ብላችሁ አትደምድሙ።

እዚህ ላይ አንድ በቅርብ መታየት ያለበት ነገር አለ። የተለመደው የጄንታማይሲን አምፑል 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር የያዘ፣ ለአዋቂ የተሠራ ነው። 1,200 ግራም ለሚመዝን ልጅ በኪሎ 3 ሚሊግራም ቢታዘዝ 3.6 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ አምፑል በቀጥታ ቢቀዳ 0.09 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ጠብታ ብጤ። የአንድ አምፑል ይዘት ለ22 እንዲህ ያሉ መርፌዎች ይበቃል። ስለዚህ ነው ነርሶች መጀመሪያ በውሃ የሚያቀጥኑት፤ ስሌቱን ሁለት ሰው እንዲያየው የሚደረገውም ለዚህ ነው። ሥራ በበዛበት ክፍል፣ በሌሊት፣ ይህን በትክክል የሚሠሩ ነርሶች ምስጋና ይገባቸዋል። ወላጅም የልጁ ክብደት በካርዱ ላይ በየጊዜው መታደሱን ቢያይ ያግዛል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀኑ ነው። የደም ምርመራው ኢንፌክሽን እንደሌለ ካሳየና ልጁ ከተሻለው፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ማቆም ይቻል እንደሆነ ማንሳት ተገቢ ጥያቄ ነው። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ የተጀመረ አንድ አሠራር ቀላልና የሚያስቀና ነው፦ ጄንታማይሲንን የመሰለ መድኃኒት ለ4 ቀን የወሰደ ወይም በአንድ ቀን ሦስት ኩላሊት የሚጎዱ መድኃኒቶች የገጠሙት ጨቅላ ሁሉ ክሬቲኒኑ በየቀኑ ይለካል። ይህን በማድረጋቸው ብቻ ጉዳቱ ቀነሰ፤ ምክንያቱም የሚቆጥር ሰው ሲኖር የማያስፈልገው መድኃኒት ቶሎ ይቆማል። የጄንታማይሲንን መጠን በደም የሚለካ ላቦራቶሪ በሌለበት ሆስፒታል ክሬቲኒንን መከታተል ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለልብ ቧንቧው አይቡፕሮፌን ታዟል። ለኩላሊቱ አይከፋም?

ሊከፋ ይችላል፤ ሐኪሞቹም ያውቁታል። ቧንቧውን የሚዘጋው ፕሮስታግላንዲንን በመቀነስ ነው፤ ያልበሰለ ኩላሊት ደግሞ ደም ለማግኘት ያንኑ ፕሮስታግላንዲን ይፈልጋል። ኢንዶሜታሲን በዚህ ይብሳል፣ አይቡፕሮፌን ይሻላል፤ ኩላሊቱ አስቀድሞ ለደከመ ልጅ ፓራሲታሞል አማራጭ እየሆነ መጥቷል። ከእያንዳንዱ መጠን በፊት ሽንቱ ይታያል፤ በኪሎ በሰዓት ከ0.6 ሚሊ ሊትር ካነሰ ቀጣዩ ይዘገያል። ዳይፐር የመመዘኑ ነገር እዚህም ይመጣል።

በእርግዝናዬ የወሰድኩት መድኃኒት ይሆን ያደረሰበት?

ይህን ጥያቄ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት በሹክሹክታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አይደለም ነው፤ ዋናው ምክንያት ያለጊዜው መወለዱ፣ ኢንፌክሽን ወይም የኦክስጅን ማነስ ነው።

ግን የሚጎዱ አሉ። ኤናላፕሪልን የመሰሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች በተለይ ከሦስተኛው ወር በኋላ የፅንሱን ኩላሊት በቀጥታ ይጎዳሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ሽንት ቀንሰው የእንሽርት ውሃ ሊያሳንሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 አስጠንቅቋል። ዳይክሎፌናክ እኛ ጋ ለወገብም ለራስም ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛ ስለሆነ ነፍሰ ጡሮች ልብ ይበሉ። ሐኪም ያዘዘው ትንሽ መጠን አስፕሪን ግን በዚህ ውስጥ አይገባም። የወሰድሽውን ሁሉ ለዶክተሩ ንገሪው፤ የሚጠይቅሽ ለወቀሳ ሳይሆን ለልጁ ሕክምና ነው።

ኩላሊቱ እንዲታጠብለት ውሃ፣ የአብሽ ውሃ ወይም ጤና አዳም ብሰጠውስ?

አይሰጠው። ለአዋቂ የሚባለው «ውሃ ጠጣ፣ ኩላሊትህ ይታጠባል» ለጨቅላ አይሠራም። ኩላሊቱ ትርፉን ውሃ ስለማያስወጣ የደሙ ሶዲየም ይወርድና ያንዘፈዝፈዋል። ቅጠላ ቅጠሉም በእሱ ኩላሊት ምን እንደሚያደርግ የተለካ ነገር የለም። ቅቤ ማዋጥም እንዲሁ ይቅር። የሚስማማው የእናቱ እንገርና ወተት ነው፤ መጥባት ካልቻለ ታልቦ በቱቦ። አያት ወይም ጎረቤት አስበውለት ይዘው ሲመጡ አትቆጧቸው፤ ሲስተሯ ራሷ እንድታስረዳቸው አድርጉ።

ፖታሲየሙ ከፍ አለ፣ እጥበት ሊያስፈልገው ይችላል ተባልን።

ኩላሊት ሲደክም ከሁሉ የሚያስፈራው ፖታሲየም ነው፤ ልብ ያቆማል። ልብን ለመጠበቅ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ፖታሲየሙን ወደ ሴሎች ለማስገባት ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ወይም ሳልቡታሞል ይሰጣል፤ ከሚንጠባጠበው ፈሳሽም ፖታሲየም ይወጣል። እነዚህ ጊዜ ይገዛሉ። ብዙዎቹ ጨቅላዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽንታቸው ይመለሳል።

ካልተመለሰ እጥበት ይታሰባል። ለጨቅላ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በሆድ በኩል የሚሠራው ነው፤ በቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። አንድ ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከባድ ሥራ ነው፤ በኢትዮጵያ ይህን ማድረግ የሚችሉ ቦታዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሪፈር የሚጻፍ ከሆነ ሳይዘገይ መጻፍ አለበት። ወላጅ «የት ይሠራል? ደውላችሁ ቦታ አረጋግጣችኋል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ከሆስፒታል ወጣን። አሁን የምንሰጠው መድኃኒት አለ?

ለኩላሊቱ ተብሎ የሚሰጥ ብዙውን ጊዜ የለም። የሚያስፈልገው ክትትል ነው። ጥቂት ኔፍሮን ይዞ ያደገ ልጅ ማጣሪያዎቹ ከአቅማቸው በላይ ስለሚሠሩ ከዓመታት በኋላ የደም ግፊት ወይም ፕሮቲን በሽንት ሊታይበት ይችላል። የሁሉም ልጆች ግፊት በመደበኛነት የሚለካው ከሦስት ዓመት ጀምሮ ነው፤ ከ32 ሳምንት በፊት የተወለደ ግን ከዚያም በፊት በየቀጠሮው ቢለካ ይመከራል። ለልጅ የሚሆን ትንሽ የግፊት መለኪያ እጅጌ ሁሉም ጋ ስለማይገኝ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ሆስፒታል ሳለ ኩላሊቱ ተጎድቶ ከነበረ ደግሞ ክሬቲኒንና ሽንቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታይ፤ የመውጫ ወረቀቱ ላይ የኩላሊቱ ነገር መጻፉን ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ከፋርማሲ አይቡፕሮፌን ሽሮፕ ገዝታችሁ አትስጡት፤ ፈሳሽ ያነሰው ልጅ ኩላሊቱ በዚህ ቶሎ ይጎዳል። ሦስት ወር ሳይሞላው ካተኮሰው በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው የሚሄደው። ከዚያም በኋላ በየትኛውም ክሊኒክ መድኃኒት ሲታዘዝለት በስንት ሳምንት እንደተወለደና ኩላሊቱ ተጎድቶ እንደነበር እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ልጁ ወፍሮና አምሮበት ሲያዩት ማንም አይጠይቃችሁም።